ሆዷን ሳላይ አልናገርም

በየሰፈሩ የዕቃ ዕድሜ የሚናገር አንድ ሰው አይጠፋም። ማንም ጠይቆት አይደለም፤ ቤታችሁ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ የወንበሩን ዘመን ይነግራችኋል። «የአያቴ ነው» ያላችሁትን ሣጥን ገልበጥ አድርጎ አይቶ፣ አያታችሁ ካረፉ በኋላ የተሠራ መሆኑን በታላቅ ትሕትና ያረዳችኋል። እንዲህ ያለ ሰው ባይኖር ኖሮ ሁላችንም የልባችንን እያወራን በሰላም እንኖር ነበር።

የእኛ ሰፈሩ ሰው የተካኑት በጊታር ነው። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ሊቀ ጊታር ነው የምንላቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የጉምሩክ ፈታሽ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ሻንጣ ሲበረብሩ ኖረው፣ ሻንጣው ሲቀርባቸው ወደ ጊታር ዞሩ። ራሳቸው መጫወት አይችሉም። አንድ ቀን ደፍሬ ለምን እንደማይማሩ ብጠይቃቸው «ሐኪም ሁሉ መታመም አለበት እንዴ?» አሉኝ።

መሣሪያቸው ትንሽ የእጅ ባትሪና የጥርስ ሐኪም መስታወት ነው፤ ያቺ ዘንጓ ቀጭን የሆነችው። ሁለቱም ከኮታቸው የደረት ኪስ አይለዩም። አሮጌ ጊታር ካዩ ባለቤቱን ሰላም ከማለታቸው በፊት ጭናቸው ላይ ያጋድሙታል፤ መስታወቷን በክሮቹ መሃል ወደ ቀዳዳው ይሰዳሉ፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ፤ አፍንጫቸውን አስጠግተው ያሸታሉ። ቸኩሎ «ስንት ዓመቱ ይሆን?» ላለ ሰው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ሆዷን ሳላይ አልናገርም!» ጊታር ሁሉ ለእሳቸው ሴት ናት።

«ፊቷን ቫርኒሽ ይቀቧታል፣ ክሯን ይለውጡላታል፤ ሆዷን ግን የሚያስታውሰው የለም» ይላሉ። ሙጫው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ እንጨቱ ምን ያህል እንደጠቆረ፣ ውስጡን የደገፉት ጣውላዎች በእጅ ይላጉ በማሽን፣ አንድ በአንድ ያያሉ። ከዚያ ይፈርዳሉ። ይግባኝ የለም።

የሰፈራችን የሙዚቃ መምህር ጊታሩን የአስተማሪው አስተማሪ እንደተጫወተበት ሲናገር ደረቱ ይነፋ ነበር። ሊቀ ጊታር ጭንቅላቱ ላይ መስቀል የተቀረጸበት ብሎን አገኙበትና በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ብሎን እንዳልነበረ አስረዱት። «እኔ ምንም አላልኩም፤ ያለው ብሎኑ ነው» ብለው ተሰናበቱት። መምህሩ ከዚያ ወዲህ ሲያያቸው መንገድ ይሻገራል። አንድ ሰርግ ላይ ደግሞ በሁለት ዘፈን መሃል ከጊታር ተጫዋቹ እጅ ቀምተው መመርመር ጀመሩ። ሙሽሮቹ ለጭፈራ እንደተነሱ፣ የጊታሩ ምርመራ እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ። እኔ ራሴ ለጌጥ የገዛሁትን ጊታር፣ እሳቸው ሲመጡ አልጋ ሥር እደብቀው ነበር። አንድ ቀን በር ላይ ቆመው «ቤትህ የቆየ እንጨት ይሸታል» አሉኝና ደነገጥኩ።

ይሄን ሁሉ እየሳቅን ቻልነው። ያልሳቅነው እህቴ ቤት ነው።

እታለም ባሏ ሲሞት ጊታሩን ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅላው ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው ሦስት ዘፈን ብቻ ነው። ጊታሩ ግን ታሪክ ነበረው። በወጣትነቱ ትምህርት ቤት አዳራሽ መድረክ ላይ ሲጫወት እህቴን ፊት ወንበር ላይ ያያታል፤ ክር ይበጠስበታል፤ እሱ ምንም ሳይሰማው ይቀጥላል። «ዓይኔ አንቺ ላይ ነበር፤ ይኸው ጊታሩ ምስክሬ ነው» ይላት ነበር። እሷም ይህን ለእንግዳ ሁሉ ትተርካለች። ጠዋት ጠዋት ጊታሩን በጨርቅ እየወለወለች ባሏን «እንዴት አደርክ?» ትለው ነበር።

አንድ እሑድ ምሳ ጠራችን፤ ሊቀ ጊታርም ነበሩ። እህቴ ታሪኩን ጀምራ ክሩ የተበጠሰበት ቦታ ላይ ስትደርስ፣ እሳቸው ጊታሩን ከግድግዳ አውርደው መስታወቷን ከተው ነበር። አሸተቱ። ከዚያ ውኃ ልትቀዳልን የቆመችውን የእህቴን ትልቋን ልጅ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ በዚያ የዳኛ ድምፃቸው፣

«ይቺ ጊታር ከትልቋ ልጅሽ አትበልጥም» አሉ።

ሁላችንም ሳህናችን ላይ አቀረቀርን። ልጅቷ ከተወለደች ወዲህ የተሠራ ጊታር፣ ወላጆቿ በተያዩበት ቀን መድረክ ላይ ሊኖር አይችልም።

«ታዲያ የኔው ጉድ፣ ምስክሬ ነው እያለ ሲያሞኘኝ ነው የኖረው?» አለች እህቴ። ጊታሩን ተቀብላ ቁም ሣጥን ጀርባ ከተተችው። ሊቀ ጊታር ምን እንዳደረጉ የገባቸው ያኔ ነው። ተደናብረው ሲወጡ መስታወታቸውን ጠረጴዛው ላይ ረሱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እህቴ ያንን ታሪክ አላወራችም። ግድግዳው ላይ ምስማሩ ብቻ ቀረ። የባሏ ስም ሲነሳ ተነስታ ወጥ ቤት ትገባለች። «በጊታር ከዋሸኝ በሌላውስ?» አለችኝ አንድ ቀን።

ሊቀ ጊታርም ከሰው ራቁ። መስታወቷን ሊወስዱ አልተመለሱም። የሙዚቃ መምህሩ እንኳ «ምን ነካቸው? ጊታር ይዤ ባጠገባቸው ባልፍ ዝም አሉኝ እኮ» ብሎ አዘነ። እኔም ያንን የአልጋ ሥር ጊታሬን አውጥቼ በር ላይ አስደገፍኩት፤ አይተው እንዳላዩ አለፉ። ቤታቸው ድረስ ሄጄ ብጠይቃቸው «የተናገርኩት እውነት ነው፤ ግን ማን ጠየቀኝ?» አሉ። «ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!» አሉ ቀጥለው።

ዓመት ካለፈ በኋላ ነው ይቅርታ እንዲጠይቋት እየጎተትኩ የወሰድኳቸው። እህቴ ፊቷ ባይፈታም «ይግቡ» አለች። እሳቸው ቁጭ እንዳሉ «አንዴ ልያዛት፤ አልመረምርም። የበደልኳት እሷንም ነው» አሉ። እህቴ ጊታሩን አምጥታ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። እጃቸው በልማድ ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ፤ መስታወት የለም። ሥራ ያጣው እጅ የጊታሩ አንገት ላይ አረፈ። አንገቱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች ዳሰሱት። ከዚያ ቀጥ አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ከክሮቹ ሥር ያለው ጥቁር እንጨት ላይኛው ጫፍ ላይ ጣት በሚያርፍበት በሚያርፍበት ጎድጉዷል፤ እንደ ማንኪያ። ወደ ታች ያለው ግን ጭራሽ አልተነካም። ሦስት ዘፈን ብቻ የሚያውቅ ሰው ሲመላለስበት የኖረ ቦታ ነው።

«ይሄ አንገት ከዚህ ሆድ ጋር አልተወለደም» አሉ። «አንገቷ አሮጌ ናት፤ ከልጆችሽ ሁሉ ትበልጣለች። አንድ ቀን ሆዷ ተሰብሮ፣ አናጢ ሌላ ሆድ ገጥሞላት ነው። ሆድ ሆድ እያልኩ አንገት ሳላይ ፈረድኩ! ሙት ወቀስኩ!»

«ማን ሰበረው?» አልኩ እኔ።

እህቴ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «የስፌት መኪናዬ» አለች። «ወደዚህ ቤት ስንገባ 'አንቺ አትንኪ' እየተባልኩ፣ እምቢ ብዬ ራሴ ተሸክሜ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ላይ አስቀመጥኩት። ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ። 'ምንድን ነው?' ብዬ ብጠይቀው 'የሣጥን ክዳን ነው፣ ተይው' አለኝ። ከዚያ 'ጊታሩን ጓደኛዬ ተውሶታል' ብሎኝ፣ ለስንት ጊዜ ጊታሩ ቤት ውስጥ አልነበረም።»

ተነስታ መሳቢያ ከፈተችና በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለችውን መስታወት አወጣች።

«ያኔ አልጠየቅኩዎትም ነበር። አሁን ግን እየጠየቅኩዎት ነው፤ ይሄ ሆድ መቼ የተሠራ ነው?»

ባትሪውን እኔ ያዝኩላቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፤ አሸተቱም። በሹክሹክታ ያንኑ ፍርዳቸውን ደገሙት፤

«ከትልቋ ልጅሽ አትበልጥም።»

«ወደዚህ ቤት ስንገባ የእሷ አራስ ነበርኩ» አለች እህቴ። «አራስ ሆኜ እንዳይከፋኝ ብሎ ነው የደበቀኝ።» ጊታሩን ተቀብላ አቀፈችው። «እኔ ግን ዓመት ሙሉ ኮረፍኩት። እንዲመልስልኝ የለ፣ እንዲቆጣኝ የለ» አለችና አለቀሰች። ሊቀ ጊታርም አለቀሱ። እኔ በቀን ብርሃን የበራ ባትሪ ይዤ ቆሜያለሁ።

ስንወጣ ጊታሩ ምስማሩ ላይ ተመልሶ ነበር፤ ያለፈው ዓመት ግን የሚመለስ አይደለም። የእኔ ግቢ በር ላይ ስንደርስ ሊቀ ጊታር ቆም ብለው የበሩን ማጠፊያ አዩት። ድሮ ቢሆን ቀጠሮ አለብኝ ብዬ ውልቅ ነበር የምለው።

«ልናገር?» አሉኝ።

ፈቃድ ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም፤ አንጀቴን በሉት።

«ይናገሩ እንጂ ጋሼ» አልኳቸውና አብሬያቸው በሩ ሥር ቁጢጥ አልኩ።