ያልጻፍኩት ፊደል

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የምትለዋን ተረት እኛ የጤና ሰዎች እንዴት እንደምንወዳት አትጠይቁኝ። ጥፋቱን ሁሉ ጠቅልላ ለበሽተኛው ታሸክምልናለቻ! በሽታው ዐይኑ ሥር ተገትሮ እያለ ስላላየው ሐኪም ግን አባቶቻችን አንድም አልተረቱም። ወይ ሐኪም አልነበራቸውም፣ ወይ ይሉኝታ ይዟቸዋል።

እኔ ሰቆጣ ክሊኒክ የተመደብኩት በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ድሬሰር ሆኜ። ድሬሰር ማለት ቁስል አጣቢ፣ መርፌ ወጊ ነው። የሰቆጣ ሰው ግን «ሐኪም» ይለኝ ነበር፤ እኔም ለማረም አልቸኮልኩም። አንድ ቀን መሪጌታ ሣህሉ መጡ፤ የደብሩ የዜማ መምህር፣ ብራናም ጸሐፊ ናቸው። የውሃ ጥም አላስቆም አላስቀምጥ ብሏቸዋል፤ ከማኅሌት መሃል ሦስት አራቴ ስለሚወጡም ደብተራዎቹ «መሪጌታን ዛሬም ወንዙ ጠራቸው» እያሉ ይስቁባቸዋል። ሽንታቸውን ከሰማያዊው መመርመሪያ ጋር ሳፈላው ቀልቶ ሸክላ መሰለ።

«የስኳር በሽታ ነው» አልኳቸው።

«ስኳር? እኔ ቤት ስኳር ገብቶ አያውቅም!»

«ማርስ?»

ጋቢያቸውን ያስተካክሉ ጀመር። የዋግን ነጭ ማር የቀመሰ ሰው ይረዳቸዋል።

እንክብል ሰጠኋቸው፤ ማሩንም ጠጁንም ከለከልኩ። ወጥተው ከደጃፉ ተመለሱና «ለደብሩ ዳዊት እየጻፍኩ ነው፤ ገና ስድሳኛው መዝሙር ላይ ነኝ። እስክጨርሰው ዐይኔን አደራ!» አሉኝ። አደራ ደግሞ በኛ አገር ቀልድ አይደለም።

የዐይን መመርመሪያ ሰሌዳ ከአዲስ አበባ ተልኮልኝ ነበር፤ በፈረንጅ ፊደል። ለሰቆጣ ምን ይሠራል? ስለዚህ እኔው ራሴ ካርቶን ላይ ጻፍኩ፤ ከላይ ሀ ሁ ሂን በትልቁ፣ ከሥሩ ለ ሉ ሊን አነስ አድርጌ፣ እንዲህ እያልኩ በደቃቁ እስከ ቀ ቁ ቂ። በሥራዬ ኮራሁ። መሪጌታን በየሦስት ወሩ ራቅ አድርጌ አቆማቸዋለሁ፤ እሳቸውም ያንበለብሉታል። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ፣ ትልቅ ሰው ማድከም ነውር ነውና «ይበቃል መሪጌታ» እላለሁ። ካርዳቸው ላይ «ዐይን፦ ደህና» ብዬ ማኅተም አሳርፋለሁ። አያችሁልኝ? ለመሪጌታ፣ ፊደል በተራ ደርድሬ!

በሁለተኛው ዓመት አንድ ሐኪም ከደሴ ለጉብኝት መጣ፤ ከኮረም ወዲህ በበቅሎ። መሪጌታን አስጠራሁ፤ እውነቱን ለመናገር ሰሌዳዬን ላሳይበት። መሪጌታ ጀመሩ። ሐኪሙ እንደኔ ይሉኝታ የለበትምና «ይበቃል» አላለም። ቀ ቁ ቂ አለቀ። መሪጌታ ግን ቀጠሉ፤ በ ቡ ቢ... ተ ቱ ቲ...

ያልጻፍኩትን ፊደል ጥርት አድርገው ያነቡታል!

ሐኪሙ ሳቁን ዋጥ አደረገና አንዲት ትንሽ መብራት አውጥቶ ዐይናቸውን ውስጡን አየ። ሲጨርስ ፊቱ ተለውጧል። ስኳሩ የዐይናቸውን ጀርባ አድምቶታል፤ የቀኙ አይመለስም፣ የግራው ስኳሩ ከተጠበቀ ሊቆይ ይችላል። «ስኳር ያለበትን ሰው ሁሉ፣ አመመኝ ባይልህም፣ ዐይኑን ውስጡን እይ» አለኝ። «በምን?» ስለው መብራቷን ትቶልኝ ሄደ። እሱም ከጥቂት ዓመት በፊት የበሽተኞቹን ስኳር በአንድ መዝገብ፣ ዐይናቸውን በሌላ መዝገብ፣ ሁለቱን ሳያገናኝ ይጽፍ እንደነበር ነግሮኛል፤ መጽናናቴን አልደብቃችሁም።

መሪጌታን ወደ ቤታቸው ስሸኛቸው አላስቻለኝም። «እንዲህ ሲሆንብዎ ምነው ሳይነግሩኝ?» አልኳቸው።

«አንተ ‹ደህና› ብለህ በማኅተም ስታጸድቅልኝ፣ እኔ ‹አላይም› ብዬ ላዋርድህ? ሐኪም ታያለህ ካለኝ ማየቴ ይሆናል አልኩ እንጂ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማሩን እርግፍ አድርገው ተዉት። የግራ ዐይናቸው ጸና፤ ዳዊቱም አለቀ፣ ተመስገን! ሊመርቁት ሲሉ ገልጬ ባየው ግን፣ ከሰባኛው መዝሙር ወዲህ ጥቂት የብራና ቅጠሎች ላይ መስመሩ ሁሉ ዘሞ ወደ ተከዜ ይወርዳል። እኔ «ደህና» እያልኩ ማኅተም ስመታ የተጻፉ ናቸው። እነሱን እንኳ እንደገና ይጻፏቸው ብዬ ለመንኳቸው።

መሪጌታ ሳቁ። «የብራና ልማድ ታውቃለህ፤ የጻፈውም ያጻፈውም ስሙ ይነሣል። እነዚህን ያጻፍከኝ አንተ ነህ» አሉና ከግርጌው የክርስትና ስሜን አሳዩኝ።

ካህናቱ እዚያ ቅጠል ላይ ሲደርሱ እስከ ዛሬ ይጸልዩልኛል። እኔም አልተቃወምኩም።