የሰይድ ኩሬና የደሴ እንግዶች

ዓሣ ትወዳላችሁ? እኔ ድሮ አልወድም ነበር። የሐይቅ ልጅ ሆኜ! ውኃው ደጃችን ተኝቶ፣ እኛ ዓሣን የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የጾም ምግብ ነው እያልን እናልፈው ነበር። በደርግ ጊዜ ያ ክፉ ድርቅ ሲመጣ ግን ሁሉንም ወደድን። ወላሂ፣ ያን ዓመት ፀሐይዋ ራሷ ጥላ ፍለጋ አምባሰል ሥር ትጠጋ ነበር።

ሐይቁ ላይ ማጥመድ የተፈቀደው ለዓሣ አጥማጆች ማኅበር አባላት ብቻ ነበር። ጎረቤቴ አያ ሰይድ ታዲያ እርሻው ጥግ ኩሬ ቆፈረ፤ ከሐይቁ በቦይ ውኃ ሳበ፤ የዓሣ ጫጩት ለቀቀበት። “ልጆቼን ይችን ዓመት የማሻግርበት ነው” አለኝ። ትንሿ ልጁ ጦይባ ከመክሳቷ የተነሣ ንፋስ ሲነሣ እናቷ ቀሚሷን ትይዝላት ነበር። ዓሦቹ ግን ወፈሩ። አጋነነ አትበሉኝና፣ አንዱ ሲገላበጥ ኩሬው ለሁለት ይከፈላል።

ይኼኔ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። “ጓድ ሰይድ፣ ፈቃድ አለህ ወይ?” የለውም። “እንግዲያው ኮሚቴ ከደሴ መጥቶ፣ ኩሬህ ሐይቁን አለመበከሉን እስኪመረምር አንድ ዓሣ እንዳትነካ!”

ያ ሁሉ ውኃ በአንዲት ኩሬ ሊታመም? ብቻ ሰይድ ጠበቀ። ልጆቹም ኩሬው ዳር ተኮልኩለው፣ ምሳቸው ሲዋኝ እያዩ ጠበቁ።

ኮሚቴው በስንት ደጅ ጥናት መጣ። ውኃውን በብልቃጥ ቀዳ፤ ቦዩን ለካ፤ ቀትር ሆነ። እንግዲህ ሰይድ የወሎ ሰው አይደል? እንግዳ ሳይቀምስ እንዴት ይሂድ? ቤት ውስጥ ደግሞ እፍኝ እህል የለም። ሚስቱ ዘይነባ ክንዱን ይዛ፣ “ተው፣ ይቅርብህ” አለችው።

“ሰው ምን ይለኛል?” ብሎ ኩሬው ውስጥ ገባ።

ጠበሰላቸው። እሾሁን ሳይቀር መጠጡት። ከዚያ አፋቸውን ጠረጉና፣ ይህ ዓሣ ከየት መጣ ብለው ጠየቁ። ሰይድ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት።

ያለፈቃድ የሕዝብ ሀብት ነክተሃል ተባለና ደሴ ወህኒ ቤት ገባ። ምስክሮቹ እነማን ናቸው? በልተው የጠገቡት። ዳኛው “ዓሣ መሆኑን በምን አወቃችሁ?” ሲላቸው፣ “ቀምሰን” አሉ አሉ። ይቺን እንኳ እኔ አልጨመርኳትም።

ቦዩም ተደፈነ፤ ምርመራው እስኪያልቅ የኩሬው እድፍ ወደ ሐይቁ እንዳይመለስ ተብሎ። ውኃው ጎደለ። ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ ሰጥተው ተንጋለሉ። ሚሊሻው ግን ጠመንጃውን አንግቶ፣ የሞተውንም ቢሆን ማንም እንዳይነካ ይጠብቃል። ጦይባን የቀበርናት ያን ሰሞን ነው። እዚህ ላይ አላጋንንም።

ሐዘኑ ሳይወጣ ኮሚቴው ተመለሰ፤ ፊቱ በርቶ። ሐይቁ አልተበከለም፤ ፈቃዱ ወጥቷል! ዘይነባ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለች። አላለቀሰችም። “ግቡ እንጂ፣ ቁጭ በሉ” ብላ ወደ ጓሮ ዞረች። ኩሬው ውስጥ የቀረውን አረንጓዴ ውኃ በጣሳ ቀድታ፣ የዓሣው ቅርፊት እንደ ተንሳፈፈበት አቀረበችላቸው።

“ጠጡ” አለች። “አሁንማ ፈቃድ አለው።”

ወሎ ቤት ገብቶ ሳይቀምስ የወጣ እንግዳ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።