የሐጂ ከድር ጥቁርና ነጭ ፎቶ ያመጣብኝ ጣጣ

ዛሬ ጠዋት ሮቤ ላይ ሰው የገደልኩት እኔ ነኝ። በካሜራ።

አትሳቁ። አንብቡና ፍረዱኝ።

ፎቶ መማር ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል፤ በየቀኑ ፖስት እያደረግኩ እንዳሰለቸኋችሁም አውቃለሁ። አሰልጣኛችን ያለ ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም ያለ ሥራ ናሙና፣ ማንም ሥራ አይሰጣችሁም ብሎናል። የሰው ፊት፣ በተፈጥሮ ብርሃን፣ በጥቁርና ነጭ አንስታችሁ አምጡ አለን።

እኔም ጎረቤታችንን ሐጂ ከድርን ለመንኳቸው። ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ጺማቸው በሂና የቀላ፣ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ትናንት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሱቃቸው በር ላይ አስቀምጬ አነሳኋቸው።

ኧረ ብርሃኑ! ግማሽ ፊታቸው ላይ አርፎ፣ በዓይናቸው ዙሪያ ያለው ሽብሽብ አንድ በአንድ ይታያል። ፎከሱ ልክ፣ ፍሬሙ ልክ። እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም።

ጥቁርና ነጭ አድርጌ ለጠፍኩት። ከሥሩ ምን ብዬ ጻፍኩ?

«ሐጂ ከድር፣ በመጨረሻው ብርሃን።»

የፀሐይዋን ማለቴ ነዋ!

ወዲያው ሰፈሩ ሁሉ መብራት ጠፋ፤ የስልኬም ባትሪ አለቀ። ኮርቼ ተኛሁ።

ጠዋት የቀሰቀሰኝ ለቅሶ ነው።

የሐጂ በር ላይ ሰው ሞልቷል። ከጎባ የመጡት ዘመዶች ቀድመው ደርሰው ድንኳን እየተከሉ ነው። ሐጂ ራሳቸው የሉም፤ የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂን፣ ሰግደው በዚያው ወደ እርሻቸው ወጥተዋል። ስልካቸውም እንደኔው ባትሪ ጨርሶ ቤት ተቀምጧል፤ ለሚደውል ሁሉ ዝግ ነው።

ባለቤታቸው ሐጃ ፋጡማ በሩን ሲከፍቱ አንዱ ጎረቤት «ሐጂስ?» ይላቸዋል። እሳቸው ምን ያውቃሉ፣ «ጎህ ሲቀድ ሄዱ» አሉት። ሰውየው ራሱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሴቶቹም ሐጃን ምንም ሳያስጨርሷቸው፣ እያለቀሱ አቅፈው ወደ ጓዳ አስገቧቸው።

ይኼኔ ከጊኒር አንድ ሚኒባስ ሙሉ ዘመድ ከተፍ! ቀብር እንዳያመልጣቸው ገና ሳይነጋ ነው የተነሱት። የሐጂ ታናሽ እህት ስልኳን ለሁሉም እያሳየች ታለቅሳለች።

ስልኩ ላይ ያለው የእኔ ፎቶ ነው። ከሥሩ «ኢና ሊላሂ»፣ «ነፍስ ይማር»፣ «እንዲህ ያለ ሰው አይተካም» ተደርድሯል።

ስለ ብርሃኑ የጻፈ አንድም ሰው የለም። አንድም!

ላስረዳ ሞከርኩ። ሐጂ ደህና ናቸው፣ ፎቶው ለፖርትፎሊዮ ነው አልኩ። አንዲት ሴትዮ ፖርትፎሊዮ የሚይዘው ልብን ነው ወይስ ኩላሊትን ብለው ጠየቁኝ።

እህታቸው ደግሞ «ሰው በሕይወቱ እያለ በጥቁርና ነጭ ማን ያነሳዋል?» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ዓለም ሁሉ ያነሳል! ስለ ብርሃንና ጥላ ሙሉ ትምህርት ልሰጣቸው አፌን ስከፍት አንድ ባጃጅ መጥታ ቆመች።

ሐጂ ወረዱ። ድንኳኑን አዩ። የሚያለቅሰውን ሰው አዩ።

የያዙትን ማዳበሪያ ጣሉና፣ በዚያ ዕድሜያቸው እየሮጡ፣ «ፋጡማ! ፋጡማ!» እያሉ ወደ ግቢው ገቡ። ሰው ሁሉ ደርቆ አሳለፋቸው። ሐጃ ፋጡማ ከጓዳ ብቅ ሲሉ ሐጂ ግድግዳውን ተደግፈው ቀሩ።

ከዚያማ ለቅሶው እልልታ ሆነ፣ እልልታው ስድብ ሆነ፣ ስድቡ ወደ እኔ ዞረ።

ሐጂ ግን ስልኩን ተቀብለው ፎቶውን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ አስጠሩኝ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «የእኔስ ግድ የለም። የሞተችው እሷ መስላኝ ነው የደነገጥኩት።»

ያ ሁሉ ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ።

ፎቶውን አጥፊው አላሉኝም። የመጣው እንግዳ ሳይበላ አይሄድም ብለው በግ አሳረዱ፤ እኔም ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ስከትፍ ዋልኩ።

ሲበላ እህትየዋ «በይ አሁን በከለር አንሺን» ብላ አዘዘችኝ። ፀሐይ አናት ላይ፣ ግማሹ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ድንኳኑ ከኋላ ተንጋዶ። የተማርኩት ሁሉ ገደል የገባበት ፎቶ ነው። መሃል ላይ ሐጃ ፋጡማ የሐጂን ክንድ ጥብቅ አድርገው ይዘዋል።

«ፎቶ ማለት ይኼ ነው» አለች እህትየዋ። ሁሉም ላኪልን አሉ።

ጥቁርና ነጩን ግን ማንም አልጠየቀኝም።

እናንተው ፍረዱ እንግዲህ፦ ከጊኒር ድረስ ሰው ያስለቀሰ ፎቶ ፖርትፎሊዮ ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም?