ዋስ ጠርቼ የተከለከልኩት ጡረታ

ጡረታን የመሰለ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ጉዳይ አላየሁም፤ በተለይ ጡረታው የሌላ ሰው ሲሆን። ስለ ራሱ ጥርስ ሕመም ሦስት ሐኪም የሚያማክር ሰው፣ ስለ ጎረቤቱ ጡረታ ሲጠየቅ ማንንም ሳያማክር ይፈርዳል። አንዱ «በጊዜ ውጣና አየር ተቀበል» ይላችኋል። ሌላው «ቆይ እንጂ፣ በቆየህ ቁጥር አበሉ ያድጋል» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ችግሩም እሱ ነው።

እኔ ቡታጅራ ውስጥ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ምን ዓይነት ንብረት ትሉኝ ይሆናል፤ አብዛኛው የተሰበረ ወንበር ነው። ዘንድሮ ሃምሳ አምስት ዓመት ሞላኝ። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ስላገለገልኩ፣ ከፈለግኩ አሁኑኑ በፈቃዴ ወጥቼ አበሌን መቀበል እችላለሁ፤ ካልፈለግኩ ደግሞ እስከ ስልሳ ዓመቴ ወንበሮቼን እጠብቃለሁ። እኔ ፈለግኩ። በጣም ፈለግኩ። ምክንያቱም ከቢሮዬ ፊት ለፊት፣ የልብስ ሰፊው የአብዱ በረንዳ ላይ አንድ አግዳሚ አለ። እዚያ ላይ ሐጂ በድሩ፣ ጋሽ ወልዴና ጋሽ ሸምሱ ከጠዋት ጀምረው ዳማ ይጫወታሉ። ሐጂ ሱቃቸውን ለልጆቻቸው አስረክበዋል፣ ጋሽ ወልዴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ጋሽ ሸምሱ ደግሞ የመንግሥት ሾፌር ነበሩ። ሳቃቸው በመስኮቴ ይገባል። እኔ እግሩ የጎደለ ወንበር ስቆጥር እነሱ ይስቃሉ። ይሄ ፍትሕ ነው?

ባለቤቴ ሙኒራ ግን አይሆንም አለች። ገበያው ውስጥ የመጋረጃ ጨርቅ ሱቅ አላት። ባለፈው የዓመት ፈቃድ በወጣሁ ጊዜ ልርዳት ብዬ ሱቋ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ደንበኛ ሲመጣ፣ ይሄኛው ፀሐይ ሲነካው ቀለሙ ይለቃል፣ ያኛው ለሳሎን አይሄድም፣ ለመሆኑ የድሮው መጋረጃችሁ ምን ሆነ እያልኩ በቅንነት አማከርኩ። ሁሉም አመስግነውኝ ባዶ እጃቸውን ሄዱ። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝና ሰው ጉዳዩን ሳይጨርስ መመለሱ ብርቅ አልሆነብኝም። ሙኒራን ግን አናደዳት። «የሰሚር አባት፣ አንተ ጡረታ የወጣህ ዕለት እኔ ሱቁን እዘጋለሁ» አለችኝ። እኔ አኮረፍኩ፣ እሷም አኮረፈች። ቤታችን ውስጥ የሚያወራው ቴሌቪዥኑ ብቻ ሆነ።

በእኛ አገር ባልና ሚስት ሲኮራረፉ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሽማግሌዎቹን የምመርጠው እኔ ነኝ አልኳት፤ እሺ አለች። እሺ ያለች ሚስት ልትጠረጠር ይገባት ነበር፤ ግን በገዛ ተንኮሌ ሰክሬ ነበር። ማንን መረጥኩ? አግዳሚውን በሙሉ። የጡረታን ጣዕም የቀመሱ ሰዎች ጡረታን ይከለክሉኛል ብሎ ማን ያስባል?

እሁድ ከሰዓት ቤታችን መጡ። ሰላምታው በሁለቱም ሃይማኖት ተሰጠ፣ ተመረቅን፣ ተቀመጥን። ሐጂ በድሩ ነገሩን ከመስማታቸው በፊት፣ እንደ ደንቡ፣ ለፍርዱ ተገዢ እንድንሆን ሁለታችንንም ዋስ ጥሩ አሉን። ሽምግልናችን እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ያስርሃል፣ ከዚያ ያዳምጥሃል። ሙኒራ ወንድሟን ጠራች። እኔ ብድግ ብዬ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ልብስ ሰፊው አብዱ ዋሴ ነው አልኩ። ሽማግሌዎቹ የተናገሩትን ብቻ ሳይሆን ያሰቡትንም እቀበላለሁ ብዬ ጨመርኩበት። ማን ጠየቀኝ?

ከዚያ ስለ ረጅሙ አገልግሎቴ፣ ስለ ወገቤና ስለ ቢሮው አቧራ ሰፊ ንግግር አደረግኩ። ሙኒራ የመጋረጃውን ነገር ብቻ ባጭሩ ነገረቻቸው። ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው ሊመክሩ ወደ ጓሮ ወጡ። ጋሽ ሸምሱ እንሰቱ መሃል ቆመው እጃቸውን ሲያወናጭፉ በበሩ አየኋቸው፤ ለእኔ የሚሟገቱ መስሎኝ ልቤ ሞቀ። ተመልሰው ሲቀመጡ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ አገር ገና የእኔን ጉልበት እንደምትሻ፣ ሃምሳ አምስት ዓመትም ለወንድ ልጅ ጨቅላነት መሆኑን አስረዱ። እስከ ስልሳ ትቆያለህ፣ ከሚስትህም ትታረቃለህ ብለው ፈረዱ። ዋስ ጠርቻለሁ፣ ምን ይባላል? እሺ አልኩ። ሙኒራ ወዲያው ክትፎ አቀረበች። ክትፎው አስቀድሞ መዘጋጀቱ የታወቀኝ በልቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጋሽ ወልዴን ለብቻቸው አገኘኋቸው። እርስዎ እንኳ እንዴት ይፈርዱብኛል አልኳቸው። ስንት ዘመን በሳቃቸው ስቀና እንደኖርኩም አልደበቅኩም። ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እሳቸውን ባለቤታቸው ቁርስ አብልተው ሲያበቁ እስከ ምሳ እንዳላይህ ይሏቸዋል። ሐጂን ልጆቻቸው አላሠራ አልከን ብለው ከሱቁ በር መልሰዋቸዋል። ጋሽ ሸምሱ ደግሞ ስለ ወጡ ጨው አስተያየት እየሰጡ አላስቀምጥ ስላሉ ነው ከቤት የተባረሩት። «አግዳሚው ላይ ወደን የተቀመጥን መሰለህ እንዴ?» አሉኝ።

ለካ እነዚህ ደጋግ ሰዎች የፈረዱብኝ ሊያድኑኝ ኖሯል ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል፣ ጋሽ ወልዴ ገና አልጨረሱም ነበር። የአብዱ በረንዳ ያፈሳል፣ ክረምቱ ገባ፣ አንተ ከወጣህ ዝናብ ሲጥል ማን ቢሮ ልንጠለል ነው አሉኝ።

ይኸው ሐምሌ ነው፤ ሦስቱም ቢሮዬ ናቸው። ዳማው ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቷል። እኔ መቀመጫ ስላጣሁ ግድግዳ ተደግፌ እሠራለሁ። ትናንት አንድ ባለጉዳይ ገባና አራታችንንም ተራ በተራ አይቶ፣ ሠራተኛው የትኛው እንደሆነ ጠየቀ። ሐጂ በድሩ ዓይናቸውን ከዳማው ሳይነቅሉ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱት።

«ያ የቆመው ነው» አሉት፤ «እሱን ጡረታ ከልክለነዋል።»