ድንኳኑስ የት ይተከላል?

ቪላ ላሠራ ብሎ ከተነሣ ሰው ጋር በፕላን ከመጨቃጨቅ ከተራበ ጅብ ጋር ማደር ይሻላል። ጅቡ ቢያንስ የሚፈልገውን ያውቃል። እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው አለ፤ የእንጅባራው ግን የሁሉም አለቃ ነው።

ክቡርነታቸው ጋሽ ክንዴ የድንች ነጋዴ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ፍየል እንኳ አስባ የምትወጣው ዳገት ላይ ቦታ ይዘው፣ ፕላን ከምነድፍባት ቢሮዬ መጡ።

«ልጄ፣ ዳንግላ ድረስ የሚወራለት ዘመናዊ ቤት ንደፍልኝ። ሌላው ትንሽ ነገር ናት» አሉኝ።

ደስታዬን አልችለው አልሁ! ዕድሜ ልኬን የተመኘሁት ሥራ ነው። ከዳገቱ ጋር እርከን በእርከን የሚወርድ፣ ሳሎኑ መስታወት በመስታወት የሆነ፣ በረንዳው አየር ላይ የወጣ ቪላ ነደፍሁ። መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩት።

«እሰይ፣ እጅህ ይባረክ! ድንኳኑስ የት ይተከላል?»

«የምን ድንኳን፣ ጋሽ ክንዴ?»

«የምን ድንኳን ይለኛል እንዴ! ሰርግ የለም? ለቅሶ የለም? ዕድርተኛው በረንዳህ ላይ ይንጠልጠል?»

ሜዳ ለማውጣት ዳገቱን ቆረጥን፤ በረንዳዬ ቀረ። «ድንኳኑ ሁለት ቢሆንስ? ትንሽ ነገር ናት» አሉ፤ ሳሎኔ ተጋመሰ። «ወጡስ የት ይሠራል?» አሉ፤ መኝታ ቤት ጠፋ። «በፈረስ የመጣ እንግዳስ ፈረሱን የት ይሰር?» ሲሉ ተስፋዬ ተሟጠጠ።

«እንግዲያው ድንኳኑ ውስጥ ይኑሩ!» ብዬ ጮኽሁባቸው። እሳቸው ከት ብለው ሳቁ።

በጋውን የድጋፍ ግንብ አስገነቡ፣ ሜዳውን አስደለደሉ። የቤቱ መሠረት እንኳ አልተቆፈረም። ለሰው ሁሉ «ሥራዬን ያበላሹ ሰውዬ» እያልሁ አማኋቸው።

በዚያው ሰሞን ፍኖተ ሰላም የነበረችው እናቴ ሞተች። ቀብሬ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ጨነቀኝ፤ የተከራየኋት ክፍል አልጋዬን እንኳ በወግ አትይዝም፤ ለቅሶ ደራሹ የት ይቀመጥልኝ? እንጅባራ መናኸሪያ ስወርድ ወሬው ቀድሞኝ ኖሮ ጋሽ ክንዴ ቆመው ይጠብቁኛል። እጄን ይዘው ዳገቱን አወጡኝ።

ድንኳኑ ተተክሏል። የቢሮዬ ሰዎች፣ አከራዬ፣ የማላውቃቸው ዕድርተኞች ሳይቀሩ ሜዳው ላይ ተቀምጠዋል። እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

ድንኳኑ ሲነሣ አጠገባቸው ሄጄ፣ «ጋሽ ክንዴ፣ ቤትዎንስ መቼ እንጀምር?» አልኋቸው።

«ቤቱማ» አሉ ካስማውን እየነቀሉ፣ «ትንሽ ነገር ናት።»