መኪናዬ እኔን የጠገነችበት ቀትር

ትናንት በቀትር ሕልም ዐየሁ፤ ያየሁትም ከአሮጌዪቱ መኪናዬ ሥር ተጋድሜ ነው። በማግሥቱ ነፍሰ ጡሯን ልጄን ምንታምርን ከምንኖርበት ከደሴ ኮረብታ አውርጄ ሐኪም ቤት ላደርሳት ቃል ገብቼ ነበር። የመኪናዪቱ ፍሬን ግን ዘይት ያፈስስ ነበር። ባለቤቴ ደብሪቱ «ቁልቁለቱ ሥር ላለው መካኒክ፥ ለሙዘይን ስጣት» ብትለኝ እንቢ አልሁ። እጅ ያለው ሰው የእጁን ሥራ ለሌላ መስጠቱ ስንፍና ነውና። ሙዘይን ይህን ስለሚያውቅ፥ በደጄ ባለፈ ቁጥር ሰላምታ የሚሰጠው ለእኔ ሳይሆን ለመኪናዪቱ ነው። «እንደምን ዋልሽ፥ እመቤት? ዛሬም ሰውዬሽ አልፈቀደልሽም?» ይላታል።

በደጃችን ቁልቁለት ላይ ቆማ ስለ ነበር፥ እንዳትንሸራተት ከኋላ ጎማዋ ሥር ለታኮ የሚሆን ድንጋይ አስደገፍሁ። የተበሳውን የፍሬን ቱቦ ከአሮጌ ጎማ ውስጥ በወጣ የካላማዳሪያ ቁራጭ ጠፍሬ አሰርሁ። ጥቂት ልረፍ ብዬ እዚያው ዐይኔን ጨፈንሁ።

ዝናብ ከምድር ወደ ሰማይ ይዘንብ ነበር። መኪኖች በኋላ ጎማቸው ቆመው፥ ባለቤቶቻቸውን በገመድ እየሳቡ፥ በአንድ ጋራዥ በር ተሰልፈዋል። የትራፊክ ቆብ የደፋ ፍየል ፊሽካውን እየነፋ ሰዎቹን ይመረምራል።

«የግራ ዐይንህ አይበራም» አለው አንዱን ሽበታም ሰው። «ወደ ዳር ውጣ!»

መኪናዬ መነጽሯን አስተካክላ ከሰልፉ አወጣችኝ።

«ለባለሙያ አልሰጠውም፤ እኔው እጠግነዋለሁ» አለች።

ከኋላችን የቆመች ሚኒባስ በጡሩምባዋ ሣቀች። «እኅቴ፥ ይህማ አርጅቷል። መለዋወጫውም ከገበያ ጠፍቷል። ለቁራሌው ሽጪውና ተገላገዪ!»

«አልሸጠውም። ምኑ ተበላሸና? አንዴ ከጀመረ መቆም አይችልም፤ ሌላ ነውር የለበትም።»

በጀርባዬ አንጋለለችኝ። ጉልበቴን በካላማዳሪያ ጠፈረችው። በተሰነጠቀው ተረከዜ ላይ ስንጥቁ እንዲደፈን ሳሙና ለጠፈችበት።

«ኧረ ሐኪም ጥሪልኝ!» ብዬ ጮኽሁ።

«ዝም በል። ጎማ ያላት መኪና የጎማዋን ሥራ ለሌላ መስጠቷ ስንፍና ነው።»

ቃሉ የራሴው ነበር። «መዳኔን በምን ታውቂያለሽ?» ስል ጠየቅኋት።

«ሰው ጭነህ ስትወርድ እናየዋለን» አለችና ምንታምርን አምጥታ በትከሻዬ ላይ አስቀመጠቻት።

ቁልቁለቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እኔም ሮጥሁበት። ቤቶች በጣሪያቸው ተዘቅዝቀው፥ ጭሳቸውን ወደ ታች እያፈሰሱ፥ በግራና በቀኜ አለፉ።

«አባዬ፥ ቀስ በል እንጂ» አለች ልጄ።

«እቆማለሁ።»

«አባዬ፥ ቁም!»

«እቆማለሁ አልሁሽ!»

ጥርሴን ነክሼ ተረከዜን በመሬት ተከልሁ፤ ሳሙናው አንሸራተተኝ። እንደ ገና ተከልሁ። በጉልበቴ የታሰረው ጎማ ተተርትሮ ወደቀ። ልጄ በአንድ እጇ ሆድዋን፥ በአንድ እጇ ጆሮዬን ይዛለች። ፍየሉ ከኋላችን ፊሽካውን ያለ ዕረፍት ይነፋል። ያን ጊዜ በሕይወቴ ሙሉ ከአፌ ያልወጣ ልመና ወጣ።

«ታኮ! እባካችሁ ታኮ አቀብሉኝ!»

«ድንጋዩን ነው? እኔ ወስጄዋለሁ» አለች ደብሪቱ።

ነቃሁ። ድምፅዋ የሚመጣው ከግቢው ውስጥ ነበር።

«ነፋሱ በርበሬ ያሰጣሁበትን ሸራ ገለበጠብኝ፤ እሱን ጫንሁበት። አንተ ሰውዬ፥ እስካሁን እዚያ ሥር ነህ እንዴ?»

በላዬ ያለው ጥላ ተንቀሳቀሰ። ያሰርሁት ካላማዳሪያ ተፈትቶ፥ ዘይት እያንጠባጠበ፥ በደረቴ ላይ ወደቀ። ሞተሩም መከላከያውም ከአፍንጫዬ በላይ በዝግታ አለፉ፤ ከዚያም ሰማይ ታየኝ።

ዘልዬ ተነሣሁ። ምንታምር በበሩ ላይ ሆድዋን ደግፋ ቆማ፥ አንዴ ቁልቁለቱን አንዴ እኔን ትመለከት ነበር። መኪናዬ ያለ ሰው ወረደች፥ ወረደች፥ በሙዘይን ጋራዥ ደጅ በተቆለለው አሮጌ ጎማ ውስጥ ገብታ ቆመች።

ወዲያው የመካኒኩ ድምፅ ከታች ተሰማ።

«እመቤት! ብቻሽን መጣሽ? ሰውዬሽ ፈቀደልሽ ወይስ ጥለሽው ጠፋሽ?»