እድራችን ጠብመንጃ ሲመርጥ

ሐበሻ ወንድ ሁሉ የአነጣጥሮ ተኳሽ ዘር ነው። አይደለም የምትሉ ካላችሁ ጠይቁት! አባቱ፣ አባቱ ካልሆነ አያቱ፣ አያቱ ካልሆነ የእናቱ አጎት በአንድ ጥይት ጎሽ ጥሏል። ሁለተኛ ጥይት ያስፈለገው አያት እስከ ዛሬ ሰምቼ አላውቅም። እነዚያ ጎሾች ሁሉ በእውነት ወድቀው ቢሆን ኖሮ ከሆሳዕና እስከ አርባ ምንጭ ያለው መንገድ በቀንድ ተዘግቶ መኪና ባላለፈበት ነበር። የእነዚያ አዳኞች ልጆች ዛሬ ጆሃንስበርግ ውስጥ ቺፕስና ሳሙና ይሸጣሉ። ጠብመንጃን በቅርብ ያዩት አፈሙዙ ወደ እነሱ ሲዞር ብቻ ነው። ይሄ ግን አዋቂ ከመሆን አላገዳቸውም...

ስለ ራሴ ትንሽ ልንገራችሁ። የምሠራው መድን ድርጅት ውስጥ ነው። ሥራዬ ነገር ሁሉ እንዴት ሊበላሽ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ነው፤ ደመወዝ ባይከፍሉኝም ሳስበው መዋሌ አይቀርም ነበር። ድምፄ ትንሽ ነው። ታክሲ ውስጥ «ሾርት ሌፍት!» (በእኛ «ወራጅ አለ!») ብሎ መጮህ ስለሚያሳፍረኝ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ መንገዱን በእግሬ የተመለስኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ወረርሽኙ መጥቶ ሁሉም ሰው አፍና አፍንጫውን ሲሸፍን፣ ጌታ ይቅር ይበለኝና፣ እኔ እፎይ አልኩ።

አጎቴ ጋሽ ማርቆስ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሎኬሽን፣ ማለት የድሆች ሠፈር፣ ውስጥ ስፓዛ አለው። ስፓዛ ማለት አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የታጨቀ ሱፐርማርኬት ነው። ቀን ይሸጥበታል፣ ሌሊት በማቀዝቀዣውና በዱቄት ከረጢቱ መሀል ፍራሽ ዘርግቶ ይተኛበታል። በዚያ ክረምት ሁለት ጊዜ ተዘረፈ። በሩ ላይ «ያለ ጭንብል መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር። ሌቦቹ ሕግ አክባሪዎች ስለነበሩ ጭንብላቸውን አድርገው ገቡ። ሳቃችሁ? እኔ አልሳቅኩም። በሁለተኛው ጊዜ ሽጉጡን ግንባሩ ላይ ነው ያስቀመጡት። ጋሽ ማርቆስ ወደዚህ አገር ያመጣኝ፣ ቺፕስ ሸጦ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረኝ ሰው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬ በጠራ ቁጥር ሞተ ሊሉኝ ነው እያልኩ ነበር የማነሳው።

እድራችንም ተሰበሰበ። ስብሰባ የተከለከለበት ሰሞን ስለነበር የተሰበሰብነው በጋሽ ማርቆስ ሱቅ ውስጥ፣ በሩን ዘግተን፣ ጭንብላችንን አገጫችን ላይ አድርገን ነው። (አገጭ በኮቪድ እንዳይያዝ ሐበሻ ያደረገውን ጥንቃቄ ታሪክ ይመዝግበው!) ከወንዶቹ መሀል ብቸኛዋ ሴት እኔ የተጠራሁት እንግሊዝኛ ስለምችል ነው።

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ታደሰ ናቸው። በበጋም በክረምትም የቆዳ ጃኬት የሚለብሱ፣ ሲናገሩ ጣታቸውን የሚያወዛውዙ ሰው። በጸሎት ከፈቱና ነገሩን አስቀመጡት።

«ድንኳን በጋራ ገዝተናል። ድስት በጋራ ገዝተናል። ወንበር በጋራ ገዝተናል። ጠብመንጃ ምን ይለየዋል? አንድ ደህና ጠብመንጃ እንገዛለን፣ በየተራ እንወስዳለን። አንዱ ሳምንት ማርቆስ ጋ፣ አንዱ ሳምንት እኔ ጋ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!»

ወንድሞች ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። የእድር ጠብመንጃ! ሌባም ተራውን ጠብቆ፣ ጠብመንጃው ያለበትን ሱቅ ጠይቆ ሊመጣ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ ምርጫው መጣ። ወንድም ዮናስ እዚያው ሠፈር ሱቅ ያለው፣ ሠላሳዎቹን የተሻገረ፣ ቤት በተዘጋብን ወራት ሁሉ የጠብመንጃ ቪዲዮ ሲያይ የከረመ ልጅ ነው። ሌላው ዳቦ መጋገር ሲማር እሱ ጄኔራል ሆነ።

«የሚያዋጣን ባለ ማንሻው ነው» አለ። ባለ ማንሻ ያለው ካውቦዮች የሚይዙትን ነው፤ ከቃታው ሥር ያለውን ቀለበት ወደ ታች ገፍተው ወደ ላይ ሲመልሱት ጥይት የሚያጎርሰውን።

«ካሊበሩስ?» አሉ ጋሽ ታደሰ የጥይቱን ውፍረት ሲጠይቁ፣ ቃሉን እንደ ከረሜላ እያላመጡ።

«አርባ አምስት ሰባ! አፉ ትንሽ ጣት ያስገባል። ድብ ይጥላል፣ ጎሽ ይጥላል፣ ዝሆንም ይጥላል።»

ኦሬንጅ ፋርም ውስጥ ድብ የለም። ጎሽም ዝሆንም አላየሁም። አውሬ ከተባለ የጋሽ ማርቆስ ጎረቤት የአሮጊቷ የጎጎ ቴምቢ ፍየል አለች፤ የእሷም ወንጀል ካርቶን መብላት ነው።

«አርባ አራቱ አይሻልም?» አለ ሌላው። «ቀላል ነው፣ አጭር ነው፣ ሱቅ ውስጥ ለመዞር ይመቻል፣ ትከሻም አይመታም።»

«አርባ አራት የሴት ነው!» አለ ዮናስ፣ እንደተሰደበ ሰው።

እኔ ጣቴን እስከ ጆሮዬ ድረስ አነሳሁ። «የሱቁ ግድግዳ እኮ ቆርቆሮ ነው። ያ ጥይት ሌባውን ካለፈ ማቀዝቀዣውን ያልፋል፣ ግድግዳውን ያልፋል፣ ከዚያ ወዲያ የጎጎ ቴምቢ መኝታ ቤት ነው።»

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ቆርቆሮ አለች።»

«ቆርቆሮውን በልዩ ልዩ እናነሳዋለን።»

አሮጊቷን በልዩ ልዩ አስቀምጠው ወደ ጥይቱ ርዝመት አለፉ። ጋሽ ማርቆስ የዱቄት ከረጢት ላይ ተቀምጧል። ሽጉጥ ግንባሩ ላይ የተደገነበት እሱ ብቻ ነው፤ ስለ ጠብመንጃ ምንም አስተያየት ያልነበረውም እሱ ብቻ ነው።

በሳምንቱ ጠብመንጃ መሸጫ ሄድን። ሚስት ሊጠይቅ እንደሚላክ ሽማግሌ ተለባብሰን፣ ጋሽ ታደሰ ፊት ወንበር፣ እኔ ከኋላ በጋሽ ማርቆስና በዮናስ መሀል ተጣብቄ። ሻጩ ሸምገል ያሉ፣ ጺማም ነጭ ሰውዬ ናቸው። እጃችንን በአልኮል አርሰው ተቀበሉን፣ ባለ ማንሻውንም ባዶ መሆኑን አሳይተው ባንኮኒው ላይ አጋደሙት።

ጋሽ ታደሰ አነሱት። ጣታቸውን ቀለበቱ ውስጥ ከተው ወደ ታች ገፉት፤ ያምራል። ወደ ላይ መለሱት... ቀለበቱ ጣታቸውን ነከሰ። ድምፅ አላወጡም። ዓይናቸው ግን ውሃ ሞላ፤ እጃቸውም ጃኬታቸው ኪስ ውስጥ ገብቶ እስክንወጣ ድረስ አልታየም።

«ጥሩ ነው» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ባለቤቱ እድሩ እንደሆነ ንገሪው።»

አሁን እድርን በእንግሊዝኛ ምን ትሉታላችሁ? እዚህ አገር ሰው የሚያውቀው የቀብር ማኅበር የሚባለውን ነው። እኔም እንደዚያው ብዬ ተረጎምኩት። ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ።

«የቀብር ማኅበር ጠብመንጃ ሊገዛ ነው?» አሉኝ። «ምነው፣ ሥራ ቀዘቀዘባችሁ?»

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ስለ እድሩ ጠየቁኝ» አልኩ። መዋሸት አልችልም፤ ማሳጠር ግን እችላለሁ።

«ምንድን ነው የምታድኑት? ይሄ ፈቃድ የሚሰጥበት ለአደን ነው። ሱቅ ለመጠበቅ በዚህ አይነቱ ማንም ፈቃድ አይሰጣችሁም» አሉ ሻጩ።

ተረጎምኩ። ዮናስ «ሌባ በይው» አለኝ። እኔ ደግሞ ገና አልወሰኑም አልኳቸው።

ሰውየው ከዚያ በኋላ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብለው ነገሩን። ጠብመንጃ የአንድ ሰው ነው። ያ ሰው ሥልጠና ይወስዳል፣ ይፈተናል። ጠብመንጃው እሱ ቤት፣ ግድግዳ ላይ በብሎን በታሰረ የብረት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሌላ ሰው ወስዶ ቢገኝ ሁለቱም ይታሰራሉ። በጥገኝነት ፔፐር የሚኖር ሰው ደግሞ አይፈቀድለትም፤ ወይ ዜጋ፣ ወይ ቋሚ መኖሪያ ያለው መሆን አለበት።

ሦስቱም ያላቸው ፔፐር ነው። እድሩ ውስጥ ቋሚ መኖሪያ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። እንደዚያ ሰዓት ወፍራም ጭንብል ተመኝቼ አላውቅም!

ወደ ሱቁ ስንመለስ ነገሩ መንገድ ላይ አልቆ ነበር። ሌሎቹ ወንድሞች ሲጠብቁን ቆይተው ዜናውን በደስታ ተቀበሉ።

«በሷ ስም እንገዛዋለን» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ የተነከሰው ጣታቸው ላይ በረዶ ይዘው። «አዳኝ ነኝ ትበል፣ ትፈተን፣ ትፈርም። ከዚያ በተራ እንይዘዋለን።»

«ብንያዝ እታሰራለሁ እኮ» አልኩ። «መኖሪያዬንም ይነጥቁኛል።»

«ማን ይነግራል? ሕጉን ለሕግ ሰዎች ተዪው የኔ ልጅ።»

«እሺ፣ ሕጉን እናክብርና እሷ ቤት ይቀመጥ» አለ አንዱ አስታራቂ።

እኔ የምኖረው ከኦሬንጅ ፋርም በታክሲ ከአንድ ሰዓት በላይ ርቄ፣ የተከራየሁት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሌባ ሲመጣ ይደውሉልኛል፤ እኔ ሣጥን እከፍታለሁ፤ ታክሲ እስኪሞላ እጠብቃለሁ፤ ሌባውም ጋሽ ማርቆስ ጋ ቀዝቃዛ መጠጥ ከፍቶ ይጠብቀኛል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

ይህንኑ በትንሿ ድምፄ አስረዳኋቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙኝ። መስማታቸው ግን የባሰ ሆነ።

«እውነቷን ነው፣ ሩቅ ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ስለዚህ ወደዚህ ትምጣ።»

«የት ትቀመጥ?»

ጋሽ ታደሰ ዮናስን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ከዚያ እንደገና ዮናስን። «ዮናስ ብቻውን አይደል የሚኖረው? ሁለቱም በጌታ ቤት ያደጉ፣ ሁለቱም ለትዳር የደረሱ። ሣጥኑ እሱ ሱቅ ግድግዳ ላይ ይታሰራል፣ ጠብመንጃው የሚስቱ ነው፣ ማን ይናገራል?»

«አጭር ናት፣ ለሱቅ ትመቻለች» አለ አንዱ።

«ድምጿም አይሰማም» አለ ሌላው።

ትከሻ እንደማልመታ የሚመሰክር ብቻ ነበር የቀረው። ዮናስ ስልኩ ውስጥ ሊገባ ደርሷል። ጋሽ ማርቆስ «ኧረ ተዉ...» ብሎ ጀመረ፤ ጋሽ ታደሰ ግን በጣታቸው አስቆሙት። «ማርቆስ፣ ያንተን ነፍስ ለማዳን እኮ ነው!»

ይሄኔ አጎቴ አንገቱን ደፋ። እውነት ነው፤ ለእሱ ተብሎ ነው። እምቢ ብል በአጎቴ ነፍስ የጨከንኩ ልባል ነው፤ እሺ ብል ስሜን፣ መኖሪያዬንና ዕድሜዬን አስረክቤ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም።

«ዝምታ እሺታ ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ። «በይ፣ ባለ ጠብመንጃዋ፣ የዛሬውን በጸሎት ዝጊልን።»

የእኛን ሠፈር ሥርዓት ላስረዳችሁ። በስብሰባ የሚናገርን ሰው ማቋረጥ ይቻላል፤ ተናጋሪዋ ልጅ እግር ሴት ከሆነችማ ግዴታ ነው። የሚጸልይን ሰው ግን ማንም፣ መቼም አያቋርጥም። ዓይን ይጨፈናል፣ ራስ ይደፋል፣ የሚጸልየው ሰው ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር «አሜን» ይባላል። አሜኑ የሚወጣው ከልማድ ነው፤ ጆሮ አይማከርም።

ሁሉም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዙሪያዬን አየሁ። ዓይኑን የጨፈነ ሰው ለካ አያስፈራም!

«ጌታ ሆይ፣ በሰላም ሄደን በሰላም ስለተመለስን ተመስገን።»

«አሜን።»

«ለጋሽ ታደሰ ጣት ፈውስህን ላክ።»

«አሜን!» አሉ፣ ከሁሉ በላይ ጋሽ ታደሰ።

«ያላደንኩትን አደንኩ ብዬ እንዳልምል ጠብቀኝ። በስሜ ጠብመንጃ እንዳይገዛ አንተ ከልክል።»

«አሜን!»

«ለጠብመንጃ ያሰቡት መዋጮ ለዚህ ሱቅ የብረት በር፣ ለጋሽ ማርቆስም ማደሪያ ክፍል እንዲሆን የወንድሞችን ልብ አስማማ።»

«አ... ሜን።» አንዳንዱ አሜን መሀል መንገድ ላይ ፍሬን ያዘ፤ ግን አልፎ ነበር።

«ጋሼ ከዛሬ በኋላ እዚህ ከረጢት ሥር አይደር። ዕቃውን ሌቦቹ ይውሰዱት ጌታ ሆይ። እሱን ብቻ ተውልኝ።» እዚህ ላይ ድምፄ ተሰበረ።

«አሜን» አለ አንድ ሰው ብቻ፣ ዝቅ ብሎ። አጎቴ ነበር።

አፍንጫዬን በጭንብሌ ጠረግሁና ጨረስኩ። «ለወንድም ዮናስም በጊዜው መልካም ሚስት ስጠው፤ እኔን ሳይጨምር።»

«አሜን!!!» ይሄኛው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ከማን እንደወጣ ለማወቅ ዓይን መግለጥ አላስፈለገኝም። ምስኪን ዮናስ፣ ለካ እሱም መውጫ አጥቶ ነበር!

ዓይኖች ተገለጡ። ጋሽ ታደሰ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ዙሪያቸውን አዩ።

«ቆይ... ይሄ ጸሎት ነው ወይስ ቃለ ጉባኤ?»

ወንድሞች ጭንብላቸውን ከአገጫቸው ወደ አፋቸው ሳቡ።

«ስብሰባው እንደገና ይከፈት! ድምፅ አልተሰጠበትም!» አሉ ጋሽ ታደሰ።

ጋሽ ማርቆስ ከከረጢቱ ላይ ተነሳ። «ተሰጥቷል እንጂ ታደሰ። ያውም ጮክ ብለህ። ለእኛ የሰጠኸውን ቃል አንሳው፣ ግድ የለም። ለጌታ አሜን ያልከውን ግን ይግባኝ የት ትልለታለህ?»

የብረት በሩ ተሠራ። ጋሽ ማርቆስም አሁን የሚያድረው ጎጎ ቴምቢ ግቢ ውስጥ በተከራየው ክፍል፣ አልጋ ላይ ነው። እናንተም እንደ እኔ ድምፃችሁ ትንሽ ከሆነ በስብሰባ አትድከሙ፤ የመዝጊያ ጸሎቱን ለምኑ። አስቀድሜ የማስጠነቅቃችሁ ግን ይሄ ዘዴ የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው። ዛሬ እኔ ልጸልይ ስነሳ፣ ከእድሩ አባላት አንድም ሰው ዓይኑን አይጨፍንም።